ስም ለሌላት አበባ ስም አትፍጠሩላት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ፖለቲካም የነዳጅ ዋጋም የለም። ስለ አበባ ነው የማወራው። ሳቁ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያረጀ ቤት የገዛችሁ ሁሉ፣ ጁን ላይ ከአጥሩ ሥር የምትፈካውን ዴይሊሊ ታውቋታላችሁ። አንዷ አበባ ጠዋት ፈክታ ማታ ትጠወልጋለች፤ በማግስቱ ሌላዋ ትተካለች። የቀድሞው ባለቤት ተክሏት፣ ስሟን ሳይናገር ቤቱን ሸጦ ሄዷል።

እኛስ? ስልክ አውጥተን ፎቶ እናነሳለን። አፑ «ሃይፐሪየን ናት» ይለናል። አለቀ! ለጎረቤትም፣ ከሥሯ ቆርሰን ለምንሰጠው ጓደኛም ሃይፐሪየን ሆና ትቀራለች። እኔ ይሄን እቃወማለሁ።

የተመዘገቡት የዴይሊሊ ዓይነቶች ከ80 ሺህ በላይ ናቸው። ሃይፐሪየን በ1920ዎቹ የወጣች፣ ረዘም ያለች፣ ሎሚ የመሰለች ቢጫ፣ ጥሩ ሽታ ያላት ናት። ግን ከእሷ በፊትም ሽታ ያላት ቢጫ ነበረች፣ ከእሷ በኋላም ቢጫው መዓት ነው። ፎቶ ደግሞ አይሸትም፣ ቁመትም አይለካም።

ስሟን የምር የፈለገ ሰው ሜትር ይያዝ። የአበባው ግንድ ስንት ነው? አበባው ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት ነው? ጉሮሮው ምን ዓይነት ቀለም አለው? መጀመሪያ የፈካችው በየትኛው ቀን ነው? ቅጠሏ ክረምት ላይ ይሞታል ወይስ አረንጓዴ ይቆያል? ቦታ የተቀየረላት ተክል የመጀመሪያው ዓመት ላይ ትክክለኛ ቁመቷን ላታሳይ ስለምትችል፣ ሁለት ዓመት ጠብቁ። ከዚያ የአሜሪካ ዴይሊሊ ማኅበር መዝገብ ላይ አስተያዩ። ያም ሆኖ የምታገኙት «ትመስላለች» ነው እንጂ «ናት» አይደለም።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት፣ የእሳቸውን ተክል እናታቸው ከፔንሲልቬንያ ነቅለው እንዳመጧት አጫውተውኛል። ስም የላትም። እኔ ግን ከአፑ ስም ይሄ ወሬ ይበልጥብኛል። ግምት የለጠፍንባት ቀን ይሄ ታሪክ ይጠፋል፤ ቀጥሎ የሚወስዳት ሰው መጠየቅ ያቆማላ! «ስሟ ያልታወቀ፣ ከእገሊት ግቢ፣ በዚህ ዓመት» ብላችሁ ጻፉባት። በቂ ነው።

በመንገድ ዳር የሞላችው ብርቱካንማዋ ግን ሌላ ጉዳይ ናት። እሷ ሄሜሮካሊስ ፉልቫ ናት፤ በብዛት የምትታየው ዘር አትይዝም፣ በሥሯ እየተሳበች ግቢውን ትወርሳለች። ጫካ አጠገብ ከሆናችሁ አትትከሏት፣ ለሰውም አትስጧት።

አተካከሉ ቀላል ነው። በቀን ስድስት ሰዓት ፀሐይ፣ ውሃ የማይተኛበት አፈር፤ ሥሩና ቅጠሉ የሚገናኙበት ቦታ ከአፈሩ በታች ሁለት ሴንቲ ተኩል ቢሆን ይበቃል። ሥሯ ሲጨናነቅና አበባዋ ሲቀንስ፣ አበባው ካለቀ በኋላ አውጥታችሁ ከፋፍሏት። በዘር አትሞክሩ፤ ከዘር የምትወጣው ልጅ እንጂ ራሷ አይደለችም።

ቻይናዎች እንቡጧን አድርቀው ሾርባ ውስጥ ይጨምሩታል። እናንተ ግን ምንነቷ ያልታወቀውን እንዳትቀምሱ። ድመት ያላችሁ ደግሞ ቤት ውስጥ እንዳታስገቧት፤ ቅጠሏን እንኳ ድመት ከበላች ኩላሊቷን ይገድለዋል። ከበላች ምልክት ሳትጠብቁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ።