«ጊዜው አልፏል» ፍርድ አይደለም!

ወገን፣ ይቺን ነገር ዝም ብለህ እንዳታልፋት። የሆነችው አሜሪካ ነው፤ ቁም ነገሯ ግን ለሁላችንም ነው።

ሰውየው ዱዌን በክ ይባላል፤ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሂውስተን ከተማ ውስጥ ሁለት ሰው ተኩሶ ገደለ። ንጹሕ ነው ያለ የለም፣ እኛም አላልንም። ጥያቄው ሌላ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ሞት ለመፍረድ የጁሪ አባላት በሙሉ «ይህ ሰው ወደፊትም አደገኛ ነው» ብለው ማመን አለባቸው። ታዲያ በ1997 አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ችሎት ቀርቦ፣ ጥቁር መሆኑ አደገኛ የመሆን ዕድሉን ይጨምራል ብሎ መሰከረ። ምስክሩን ማን ጠራው? የገዛ ጠበቃው! ሞት ተፈረደበት።

ልብ በል! በሥራው ብቻ ሳይሆን በቆዳው ነው የተመዘነው።

በ2000 የቴክሳስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የዚህ ባለሙያ ምስክርነት ያለባቸውን 6 የሞት ፍርዶች ለየ። ለ5ቱ ስሕተቱ ታምኖ ቅጣታቸው እንደገና እንዲታይ ተስማሙ። በክ ብቻ ቀረ። ምክንያት? ምስክሩን የጠራው ያንተው ጠበቃ ነው ተባለ።

ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። «ሐቢየስ ኮርፐስ» የሚሉት አቤቱታ ማለት «የታሰርኩት ሕገ መንግሥቱ ተጥሶ ነውና ጉዳዬ ይታይልኝ» ነው። መልሱ ምን ሆነ? «ይህን በክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት በጊዜው አላነሳህም፣ ውድቅ!» በ2011 ሊገደል በተቀጠረበት ዕለት ነው ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እግድ የመጣለት። በኋላም ይግባኝ ልበል ሲል፣ ለይግባኙም ፈቃድ ያስፈልጋል ተባለ፤ በ1996 የወጣው ሕግ እንዲያ ይላል። ፈቃዱንም ከለከሉት። እዩት እንግዲህ! ተናግሮ መሸነፍ እንኳ ተነፈገው።

«ለነፍሰ ገዳይ ምን አስጨነቃችሁ?» የምትሉ አላችሁ። አባቶቻችን መልሰውላችኋል፦ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ። ገዳይ ይቀጣ፣ ግን በፍርድ! ዛሬ በወንጀለኛ ላይ የተለመደ አቋራጭ ነገ ንጹሑን አይለይም።

«መዝገብ አንድ ቀን መዘጋት አለበት፣ የሟች ቤተሰብም ዕረፍት ይፈልጋል» ለሚሉት ደግሞ፦ እውነት ነው፣ ይዘጋ። ግን ታይቶ ይዘጋ! እኛ ዲግሪ ይዘን ቢሮ ለቢሮ የምንንከራተት «ቀኑ አልፏል» የምትለውን ቃል እናውቃታለን። እኛ የምናጣው ሥራ ነው፤ እሱ የሚያጣው አንገቱን ነበር።

በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 2 ፈረደለት። ውሳኔውን የጻፉት ወግ አጥባቂው ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ ናቸው። ምስክርነቱ ጥቂት ናት ለተባለው፣ አንዳንድ መርዝ በጥቂቱም ይገድላል ብለው መለሱ። በክ ነፃ አልወጣም፤ በዚያው ዓመት ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ይቺን ለማግኘት 20 ዓመት!

በሩ ተከፈተ ብለህ ግን አትዘናጋ። በ2022 ያው ፍርድ ቤት በሌላ መዝገብ 6 ለ 3 ወስኖ፣ የክፍለ ግዛት ጠበቃ በቸልተኝነት ያላቀረበውን ማስረጃ እስረኛው ፌዴራል ፍርድ ቤት ይዞ እንዳይቀርብ በሩን ይበልጥ አጠበበው።

ጠበቃ ያጠፋውን እስረኛ በአንገቱ አይክፈል! እውነት ቀጠሮ አልፎባት ብትመጣም እውነት ናት። አንብበህ ለሌላው አድርስ፣ ሼር!