ሽማግሎችና በቃል የሚታዘዝ ስልክ

የእጅ ስልክ ዛሬ መነጋገሪያ ብቻ አይደለም፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ የሚላክበትና የሚከፈልበትም ሆኗል። ስለዚህ ዓይኑ የደከመ ወይም ጣቱ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ በትንሿ መስታወት ላይ ፊደል መልቀም ሲሳነው ስልኩን ለልጅ ልጁ ይሰጣል፤ ከስልኩም ጋራ ምስጢሩን ይሰጣል። መልእክቱም፥ ያለው ገንዘብም፥ የምስጢር ቁጥሩም በሌላ ሰው እጅ ይወድቃል። ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው እንጂ የመሣሪያው አዲስነት አይደለም።

የአፕል ኩባንያ በ2004 ዓ.ም. ሲሪ የተባለውን ካወጣ ወዲህ ስልክን በእንግሊዝኛ ቃል ማዘዝ ተስፋፍቷል። ወደ እኛም ሲመጣ፥ ጉግል በነሐሴ 2009 ዓ.ም. አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉት ቋንቋዎች ጋራ ቈጥሮታል፤ በፊደል ገበታው ላይ ያለችውን የድምፅ መቀበያ ሥዕል ነክቶ የሚናገር ሰው ቃሉ ተጽፎ ያገኘዋል። ነገር ግን አስቀድሞ ቋንቋውን ወደ አማርኛ መመለስ ያሻል፤ ይህ ለሽማግሌው ከሁሉ የሚከብድ ስለ ሆነ የረዳቱ ሥራ ነው። የዘመድ ወዳጁም ስም በላቲን ፊደል ተመዝግቦ እንደ ሆነ፥ «አስቴር» ብሎ በአማርኛ ቢፈልግ ላያገኛት ይችላል፤ ስሞቹን በፊደላችን መልሶ መጻፍም የረዳቱ ነው።

ፊደል ለሚጠነቅቅ ሊቅ ቅር የሚያሰኝ ነገር አለ። መሣሪያው የሚሰማው ድምፅን ነውና «ሠረቀ»ንና «ሰረቀ»ን በጆሮ አይለይም፤ ስለ ፀሐይ መውጣት የተነገረው ስለ ሌብነት ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። ለልጅ የሚላክ መልእክት ግን በዚህ አይበላሽም።

ስለ ማስተማሩ፥ የቤተ ክርስቲያናችን የቃል ትምህርት መንገዱን ያሳየናል። የኔታ ድጓውን በአንድ ቀን አይነግሩም፤ ጥቂት ነግረው ያስቀጽላሉ፥ እስኪጸናም ይጠብቃሉ። ወጣቶቻችን ግን ስልኩን ነጥቀው ፈጠን ፈጠን አድርገው ያሳዩና «አዩት?» ይላሉ፤ አያት አላዩም። ይልቅስ ስልኩ ከሽማግሌው እጅ ሳይወጣ፥ በመጀመሪያው ሳምንት መልእክት መጻፍን ብቻ ራሱ እየደጋገመ ይልመድ። የምስጢር ቁጥሩን ግን ዘወትር በጣቱ ይንካ፤ በቃሉ አይናገረው፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሁሉ ይሰማዋልና።

በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ሽማግሌ ሲቀርብ «ልጅ ይዘው ይምጡ» ማለት ተለምዷል። ከሠራተኞቹ አንዱ ቋንቋውን አስተካክሎ የመጀመሪያውን ቃል ቢያስነግራቸው ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።