እንዳይበላሽ የተቆለፈው ኮምፒዩተር

ሄልሲንኪ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (የውጭዎቹ ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሊዮ ቶርንክቪስት የተባሉ የስታቲስቲክስ ፕሮፌሰር ኮሞዶር ቪክ 20 የምትባል ትንሽ ኮምፒዩተር ገዙ። ፕሮግራሙን በወረቀት ላይ ይጽፉታል፤ ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ከወረቀቱ እያየ ወደ ማሽኑ እንዲያስገባው ያደርጋሉ። ልጁ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ይባላል።

ይህ ልጅ ኋላ የጀመረው ሊኑክስ ዛሬ የማይገባበት የለም። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ አንድሮይድ ከሆነ ውስጡ ሊኑክስ ነው። ከ2017 መጨረሻ ወዲህ በዓለም 500 ፈጣን ሱፐር ኮምፒዩተሮች ዝርዝር ውስጥ በሊኑክስ የማይሠራ አልተገኘም። ክላውድ የሚባለውም፣ ማለትም የሌላ ድርጅትን ኮምፒዩተር በኢንተርኔት ተከራይቶ መሥራት፣ በአብዛኛው የቆመው በዚሁ ላይ ነው። አንዱን ማሽን ለብዙ ተከራይ ለመከፋፈል የሚያገለግለው ኬቪኤም በ2007 የሊኑክስ አካል ሆኗል።

ስለ ክብሩ ብዙ ተብሏል። ቁም ነገሩ ግን ያቺ ማሽን ጋ ነው። ቪክ 20 የነበራት የማስታወስ አቅም 5 ኪሎ ባይት ብቻ ነው፤ በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ አይገባባትም። ስትበራ ቪዲዮ የለ፣ ማስታወቂያ የለ። “ዝግጁ” የሚል ቃልና ብልጭ ድርግም የሚል ምልክት ታሳይና ዝም ትላለች። ካልጻፉላት ምንም አትሠራም። ልጁም ጻፈላት። አያቱ በ1983 ሲሞቱ ማሽኗ ከእሱ ጋር ቀረች። ቀጥሎ ያገኘው ሲንክለር ኪውኤል ፊንላንድ ውስጥ ፕሮግራም እንደልብ የማይገኝለት ነበርና፣ ጽሑፍ የሚጻፍበትን ፕሮግራም ሳይቀር ራሱ ሠራለት።

በ1991 የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በየወሩ በሚከፈል ዱቤ 386 ኮምፒዩተር ገዛ። በዚያው ዓመት መስከረም 10 ሺህ መስመር ገደማ የነበረውን የመጀመሪያውን ሊኑክስ ለቀቀ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጉድ ሆነ፤ ወደ ሞደሙ መላክ የነበረበትን ትእዛዝ በስህተት ወደ ሃርድ ዲስኩ ላከውና ይጠቀምበት የነበረውን ሚኒክስ የተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አበላሸው። መልሶ ሊጭነው ይችል ነበር። “ከእንግዲህስ የራሴው ይበቃኛል” ያለ ይመስል ሙሉ በሙሉ ወደ ሊኑክስ ዞረ። ይህ ጥፋት የደረሰው በአንድ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ክፍል ቢሆን ኖሮ መልሱ አንድ ነው፦ “ወላጅህን አምጣ!”

ከአያቱ ጭን እስከ ሊኑክስ አሥር ዓመት ነው። በእነዚያ አሥር ዓመታት ውስጥ ሰርተፊኬት የሚባል ነገር የለም። የማስተርስ ጥናቱን ያቀረበው በ1997፣ ያውም በሊኑክሱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነው የኢትዮጵያ ጉዳይ የሚመጣው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ መርሃ ግብር በኦንላይን በነፃ ያስተምራል፤ ላጠናቀቀም ሰርተፊኬት ይሰጣል። በመጀመሩ የሚነቀፍ አይደለም፤ የትም የማይደርሰው ልጅ ጋ ሊደርስ ይችላል። ቅር የሚያሰኘው ቆጠራው ነው። ይህን ያህል ተመዘገበ፣ ይህን ያህል ሰርተፊኬት ወሰደ። ስንቱ ቤት ገብቶ የሚነካካው፣ ቢያበላሸው የማይቆጡት ማሽን አለው? ይህን የሚቆጥር የለም። ስልክ አለው ይባል ይሆናል። ስልኩ ግን ውስጡ ያለውን ሊኑክስ ደብቆ ቪዲዮ ነው የሚዘረጋለት። ክላውድ ላይ ልለማመድ ቢል ደግሞ ገና በሩ ላይ የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይጠየቃል። ይህን የአዲስ አበባ ወጣት ከማንም በላይ ያውቀዋል።

“ፊንላንድ ሀብታም ናት፣ አያቱም ፕሮፌሰር ናቸው” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ዕድሉ እኩል አይደለም። ግን 5 ኪሎ ባይት! በየመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ እስኪሰየምለት አቧራ የሚጠጣው አሮጌ ዴስክቶፕ ከቪክ 20 በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ቀለል ያለ ሊኑክስ ይጫንበታል፤ ክፍያ የለው፣ ካርድ የለው። እዚያ ላይ የሚለመደው የትእዛዝ አጻጻፍ ደግሞ ክላውዱ ላይ ከሚሠራበት ጋር ያው ነው። ትልልቅ ሲስተም የሚቀርጹ ባለሙያዎች ሲጀምሩ የሚማሩት እሱን ነው።

ላስቲክ ለብሶ፣ ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ ያለ የኮምፒዩተር ክፍል የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ቁልፉ የተቆለፈው በክፋት አይደለም፤ ዕቃው ሲበላሽ የሚጠየቀው የፈረመው ሰው ስለሆነ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ለዚህ በጀት መጠየቅ እንኳ አያስፈልገውም። ከአገልግሎት የወጡ ኮምፒዩተሮች ለተማሪ በውሰት ወደ ቤት እንዲሰጡ፣ ተማሪው ሲማርበት ለተበላሸው ደግሞ መምህሩም ወላጁም እንዳይጠየቁ የሚል የአንድ ገጽ መመሪያ ይበቃል።