ከቃሉ ፊት ያለችው ኮከብ

በሀዋሳ ገበያ ቆሞ ጆሮውን የሚሰጥ ሰው ስለ ቃላት ዝምድና ብዙ ይማራል። ሲዳማው ሁለትን «ላሜ» ሲል ኦሮሞው «ለማ»፣ ሶማሌው «ለበ» ይላል። ሦስትም በሲዳሙ አፎ «ሳሴ»፣ በአፋን ኦሮሞ «ሰዲ»፣ በሶማልኛ «ሰደሕ» ነው። መመሳሰሉ የአጋጣሚ አይደለም። የቋንቋ ሊቃውንት ሦስቱን የአንዲት እናት፣ የጥንታዊቱ ምሥራቅ ኩሽ ልጆች ይሏቸዋል።

እናቲቱ ግን አንድም ጽሑፍ አልተወችልንም። ስለዚህ ሊቃውንቱ የልጆቿን መልክ አስተያይተው የእርሷን መልክ ይሥላሉ። በሶማልኛው «ሰደሕ» መጨረሻ የሚሰማውን የጉሮሮ ድምፅ ሁለቱ እኅቶች ጥለውታል፤ እናቲቱ ግን ነበራት ብለው ይፈርዳሉ። ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ እኛም «ሐ»ን በፊደል ይዘን በአንደበት ጥለናታል። ዘዴው ከንቱ ግምት አለመሆኑም ተፈትኗል። ፈርዲናንድ ደ ሶሲር በ1879 እ.ኤ.አ. ለጥንቱ ኢንዶ-አውሮፓዊ ቋንቋ በስሌት ብቻ ያሰባቸውን ድምፆች ፖላንዳዊው የዢ ኩሪዎቪች በ1927 እ.ኤ.አ. ከመሬት ተቆፍረው በወጡ የሂታይት ጽላቶች ቋንቋ ውስጥ አሳይቷል።

እንዲህ በማነጻጸር የተገኘ ቃል ሲጻፍ ከፊቱ ትንሽ ኮከብ ይደረግለታል። ትርጉሟም፣ «ይህን ቃል ተጽፎ አላየነውም፤ በማመሳከር ደረስንበት» ማለት ነው። አቤቱታዬ ስለዚህች ኮከብ ነው። ቃሉ ከሊቃውንቱ መጽሐፍ ወጥቶ ወደ ቡና ጠረጴዛችንና ወደ ፖለቲካ ክርክራችን ሲደርስ ኮከቧ መንገድ ላይ ትወድቃለች፤ ቃሉም የይዞታ ማረጋገጫ ሆኖ ይቀርባል። «ሥሩ የእኛ ነው፤ እንግዲህ ነገሩም ሀገሩም የእኛ ነው» ይባላል።

ይህ ሙግት አይጸናም። አስቀድሞ፣ የእናቲቱ ቃል ራሱ የተዋሰችው ሊሆን ይችላል። የስላቭ ሕዝቦች ዳቦን የሚጠሩበት «ኽሌብ» የተባለው ቃል በጥንታዊቱ የስላቭ ቋንቋ ዘንድ እንደ ነበረ ይታመናል፤ እርሷ ግን ከጀርመናውያኑ ቋንቋ ነው የተቀበለችው። ስለዚህ ሩሲያዊው የሚቆርሰው ዳቦ የእርሱ አይደለም የሚል አልተገኘም። ደግሞም ቃል እንደ ደም በዘር ሐረግ ብቻ አይወርድም። ግእዝ «ከልብ» ይላል፤ ዐረብኛና ዕብራይስጥም በዚሁ ሥር ይተባበሩታል። አማርኛ ግን «ውሻ» አለ፤ ሲዳማው «ዎሺቾ» ይለዋል። የአማርኛውን ቃል ሊቃውንት ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር ያዛምዱታል። በደጃችን የሚጮኸው እንስሳ እንኳ ስሙን ከጎረቤት ቤት ካመጣ፣ ድንበር የምናሰምረው በየትኛው ቃል ነው?

እንዲህ ማለቴ ግን ሥርን መፈለግ ይቅር ለማለት አይደለም። ግሮቨር ሃድሰን በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት የቡርጂን፣ የጌዴኦን፣ የሐዲያን፣ የከምባታንና የሲዳማን ቃላት ጎን ለጎን አሰልፎ ጥንታዊ ሥራቸውን ፈልጓል። እንሰትን ሲዳማው «ዌሴ»፣ ሐዲያው «ዌሳ» ይለዋል። እንዲህ ያለው መቀራረብ፣ ሁለቱ ሕዝቦች ሳይለያዩ በፊት አያቶቻቸው ተክሉን ያውቁት እንደ ነበር ያመለክታል። ያመለክታል እንጂ አያረጋግጥም፤ ስምም ከተክሉ ጋር ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይሻገራልና። ቢሆንም ያልተጻፈ ታሪክ ላለው ሕዝብ ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

ሀብቱ ግን ያለው በሽማግሌዎች አንደበት ነው። እንሰት ስትፍቅ የኖረች እናት የምታውቃቸው የዝርያና የመሣሪያ ስሞች ሳይመዘገቡ አብረዋት ቢቀበሩ፣ ነገ የሚነጻጸር ነገር አይኖርም። በሥር ባለቤትነት ከምንጣላ እነዚህን ቃላት ብንሰበስብ ይሻለናል። ስንጽፋቸውም ኮከቧን አንርሳ፤ የምናውቀውን ከምንገምተው የምትለይልን እርሷ ናትና።