ስለ ሚስት ደስታ ማን ይጠይቅ?

በምግብ አዳራሻችን ስለ ወንድ ድካም ቀልድ ሲነሣ ሁሉም ይስቃል፤ ስለ ሴት የሩካቤ ፍላጎት የተነሣ እንደሆነ ግን ገበታው ጸጥ ይላል። «ነውር ነው» ባዩ ይበዛል። እኛ ግን ነውሩ ያለው በመጠየቅ ሳይሆን ባለመጠየቅ ነው እንላለን።

የሕክምናው ዓለም ራሱ ዘግይቷል። ለወንዶች ቪያግራ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ ለሴቶች ፍላጎት ማነስ የመጀመሪያው መድኃኒት ፍሊባንሰሪን የተፈቀደው በ2015 ነው። እርሱም ቢሆን በየምሽቱ ተውጦ፣ ከባዶ ክኒን ጋር ሲነጻጸር፣ በወር የሚጨምረው አርኪ ግንኙነት በአማካይ ከአንድ አይበልጥም፤ ማዞርና ድብታም ያስከትላል።

ስለዚህ ከክኒኑ በፊት ምክንያቱ ይመርመር። ድካም፣ ጡት ማጥባት፣ ለመንፈስ ጭንቀት የሚታዘዝ መድኃኒት፣ በግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ሕመም፣ ከባል ጋር ያደረ ቅሬታ፣ እነዚህ ሁሉ ፍላጎትን ያዳክማሉ። በአገራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 65 ከመቶው የተገረዙ ናቸው። በሕፃንነቷ አካሏን የቈረጥንባትን ሴት ካገባች በኋላ «ቀዝቃዛ ነሽ» ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት አይደለምን?

ካናዳዊቷ ሐኪም ሮዝሜሪ ባሶን እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳስረዱት፣ በብዙ ሴቶች ዘንድ ፍላጎት አስቀድሞ የሚመጣ ሳይሆን መቀራረብንና ፍቅርን ተከትሎ የሚነሣ ነው። እንዲህ ያለችው ሴት በሽተኛ አይደለችም። ዳሩ ግን ይህ «ብትገፋት ትፈልጋለች» ማለት አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸመው ስለ ወሰነው፣ እምቢ ያለች ሚስት በዚህ አንቀጽ አትጠለልም። እምቢታዋ በማይከበርበት ቤት ደግሞ እሺታዋ ከልብ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ባል ሚስቱን ምን ደስ እንደሚላት፣ ምን እንደሚያማት ይጠይቅ፤ መልሷንም ሳይቈጣ ይስማ። የቤቱን ሥራ ይካፈል፤ ቀኑን ሙሉ የደከመች ሴት በሌሊት ከዕንቅልፍ በቀር የምትመኘው የለምና። ሕመም ካለ ወደ ማሕፀን ሐኪም አብረው ይሂዱ። የፍላጎቷ ማነስ እርሷን ራሷን የማያስጨንቃት ከሆነ ግን ማንም «ታከሚ» ሊላት አይገባም።

ጓደኞቻችን ሆይ! ነገ ባልና ሚስት፣ ሐኪምና ዳኛ የምንሆነው እኛው ነን። ዛሬ በገበታችን ላይ መነጋገር ካፈርን፣ ነገ በመኝታ ቤታችን ከወዴት አንደበት እናገኛለን?