መስኮቱ ይከፈት

ባቱ ባቡር የላትም። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ሐዲድ በሞጆና በአዳማ በኩል ነው የሚያልፈው። እኛን መቂ፣ ዓለም ጤና፣ ቆቃ እያለ ሞጆ የሚያደርሰን ዶልፊን ሚኒባስ ነው። በተሳፋሪ ጠባይ ግን መኪና ከባቡር አይለይም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የተሳፈረበት ሁሉ ያውቀዋል፤ በሩ ሲከፈት ወራጁ ሳይወርድ ገቢው ይገፋል፣ ሁለቱ ደረት ለደረት ይገጥማሉ፣ መውረድ የነበረበት ሰው ወደ ውስጥ ተገፍቶ ወደ ቀጣዩ ጣቢያ ይሄዳል።

ስለ ትራንስፖርት ስናወራ ሹፌሩንና ረዳቱን ነው የምናማው። ትርፍ ጫነ፣ መልስ አስቀረ፣ በፍጥነት ነዳ እንላለን፤ አብዛኛውም እውነት ነው። ወንበሩ ላይ ስለተቀመጥነው ስለ እኛ የሚናገር ግን ብዙ የለም። እኔ በተለይ የመስኮቱን ነገር ማንሳት እፈልጋለሁ።

መጋቢት ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሞላ ዶልፊን ውስጥ የገባ ሰው የምለው ይገባዋል። ጣራው ግሏል፤ ወንበሩ ልብስ አልፎ ይፋጃል። መኪናው ገና ከመናኸሪያ ሲወጣ አንዲት ተማሪ መስኮቱን አራት ጣት ያህል ትገፋዋለች። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ እናት ወዲያው ይዞራሉ።

«ልጄ፣ ዝጊው እንጂ፤ ንፋስ ይመታኛል።»

«እማማ፣ ሙቀቱ እኮ አላስተነፍስ አለ።»

«ሙቀት ምን ያደርጋል? ሰው የሚጥለው ንፋስ ነው!»

መስኮቱ ይዘጋል። ከኋላ አንድ ጎረምሳ የራሱን ይሞክራል፤ ከጎኑ ያሉት ጋቢ የለበሱ አባት ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን በደረቱ ላይ አሳልፈው ይዘጉበታል። መቂ ሳንደርስ እናቱ የታቀፈችው ሕፃን ፊቱ ይገረጣል። ይሄኔ የተሳፋሪው ደግነት በአንድ ጊዜ ይነሳል። አንዱ ፌስታል ያቀብላል፤ ሌላዋ ከቦርሳዋ ሎሚ አውጥታ «አሽቺው» ትላለች፤ ነጠላ የተከናነቡት እናትም የልጁን ጀርባ ያሻሉ። ሎሚው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ኋላ ወንበር ድረስ ይሸተታል። መስኮቱ ግን እንደተዘጋ ነው።

እነዚያን እናት እወዳቸዋለሁ፤ ክፋት የለባቸውም። ስለ ንፋስ የሚያምኑት ግን ልክ አይደለም፤ ለዚህም ሁላችንም ምስክር ነን። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ መኪናው ግማሽ ሰው እንዲጭን ታዘዘ፣ መስኮት ክፈቱ ተባለ፣ ከፈትንም። በዚያ ሰሞን ከባቱ ሞጆ በተከፈተ መስኮት የሄደ ሰው ንፋስ መቶት ቀረ ሲባል አልሰማሁም። በሽታው ከረገበ በኋላ መስኮቱን መልሰን ዘጋነው። የሳንባ ነቀርሳ ግን ከኮሮና በፊትም ነበረ፣ ዛሬም አለ። የታመመው ሰው ሲያስል የሚወጣው ተሕዋስ ባልተናፈሰ ቤት ውስጥ ለሰዓታት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል፤ መስኮት ሲከፈት ግን እየሳሳ ይሄዳል። ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ለተቀመጥን ሰዎች ከዚህ የረከሰ መከላከያ የት ይገኛል?

ሌላም ጥፋት አለ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ሽንኩርት የሚሻሻጥ ነጋዴ ዋጋውን ለመኪናው ሁሉ ያሰማል፤ አንዳንዴም ከኋላ «ከዚህ በታች እንዳትሰጥ!» የሚል አማካሪ ያገኛል። ያለ ማዳመጫ ቲክቶክ የሚከፍት ወጣት አለ። አንድ ሻርፕ ዘርግታ ሦስት ወንበር «ተይዟል» የምትል አለች። ዓሣውስ? ደምበል ሐይቅ እንጀራችን ነው፤ ቆሮሶና አምባዛ ይዞ መሳፈር ነውር ሊሆን አይችልም። በአንድ ስስ ፌስታል ቋጥሮ የሰው እግር ሥር ማስቀመጥ ግን ነውር ነው፤ ዓለም ጤና ሳይደረስ በረዶው ይቀልጣል፣ ውኃውም ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ካልሲ ያርሳል። ክዳን ያለው ባልዲ ይዞ መምጣት ማንንም አያደኸይም።

ለመስኮቱ ግን መላ አለ። ንፋስ የሚፈራ ሰው ገና ሲገባ ከመስኮት ራቅ ያለ ወንበር ይጠይቅ፤ እኛም ተነስተን እንልቀቅለት። ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት «መስኮት ክፈቱ» ይበል፤ ከመኪናው ሁሉ ድምፁ የሚሰማው እሱ ነውና። ነጠላ የተከናነቡት እናት ቅር ካላቸው ደግሞ ጋቢና ይግቡ፤ እዚያ የሚቀመጠው ጎረምሳ ወደ ኋላ ቢመጣ ምንም አይሆንም።