ፊርማው የማን ነው?

ክቡራን ነጋዴዎች፤

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው አባባል ከሁሉ ይልቅ ጸንቶ የሚታየው በንግድ ቤት ነው። በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በሚገኝ አንድ የአስመጪ ቤት በጸሐፊነት ሳገለግል ብዙ ዘመን ሆኖኛል። የባንክ መተማመኛ ሰነዱን የማሰናዳ፣ የጉምሩኩን ወረቀት የማስተካክል፣ ከደንበኛ ጋር የምጻጻፍ እኔ ነኝ። ደብዳቤው ሲያልቅ ግን ፊርማው የሌላ ነው። ሥራውን ከእኔ የተማሩ ሁለት ወጣቶች ዛሬ ሥራ አስኪያጆች ሆነዋል።

ይህን የምጽፈው ሰውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ የክፍል ኃላፊነት እንድይዝ ብጠየቅ «አይሆንልኝም» ብዬ መለስሁ፤ ስብሰባው ሁሉ ከመሸ በኋላ ስለ ነበር ልጆቼን የምተውለት ሰው አልነበረኝም። ዳግመኛ የጠየቀኝ የለም። የወንድ እንቢታ ግን እንደ ትሕትና ተቆጥሮ ሁለተኛና ሦስተኛ ሲለመን አይቻለሁ።

መሰናክሉ ሥር አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገው ነበር፤ በአዲስ አበባ ይህ የተሻረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። ሕጉ ቢለወጥም በባል ስም ብቻ የቀረ የቤት ካርታ ጥቂት አይደለም። መያዣ የሌላት ብድር አታገኝም፤ ብድር የሌላትም የራሷን ድርጅት አታቆምም።

ይህን የተረዱ 11 ሴቶች የመሠረቱት እናት ባንክ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚደንት ሆነው ተሾሙ። በአገር አቀፉ የንግድ ምክር ቤትም ወይዘሮ ሙሉ ሰሎሞን የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚደንት ሆነው አገልግለዋል። ከዚሁ ከሰፈራችን ከቦሌ በ2008 ዓ.ም. ወደ ባንኮክ የተነሣውን፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ሴቶች የነበሩበትን አውሮፕላን የመሩት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ ናቸው።

«ሴት በወሊድ ትቀራለች» የሚል አይታጣም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ አዋጅ የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው። ሒሳብ የሚያውቅ ነጋዴ ስለ 120 ቀን ብሎ የሃያ ዓመት ልምድ ይጥላልን?

እንግዲህ የምለምነው ብዙ ወጪ የለበትም። ስብሰባችሁን በቀን አድርጉት። ሥራውን ለምታውቀው ሴት የፊርማ ሥልጣን ስጧት። አንዲት ሴት «አይሆንልኝም» ብትላችሁም ምክንያቷን መርምሩና ሁለተኛ ጠይቋት። እኔን ሁለተኛ የጠየቀኝ ቢኖር ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።